ዛጎሎቹ ገደል ከገቡ ወዲህ

ይድረስ አሰብ ጨው ማምረቻ ለሚገኘው ለምወድህ ወንድሜ ለአምባቸው ወልደ ሚካኤል።

ይህች ወረቀት ስትደርስህ እንደምን አለህ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ጨው የበላው እጅህስ ጠገገልህ ወይ? ያ ያንገላታህ ትኩሳት ጨርሶ ለቀቀህ ወይስ እየሄደ ይመለሳል? ከሙቀቱ የተነሣ ውጭ ነው የምንተኛው ብለህ ጽፈህ ነበርና እናታችን የባሕር ነፋስ ደረቱን እንዳይመታው እያለች ስታስብህ ትውላለች። እኛን ካልክ እስከ ዛሬ ድረስ የአቦ ጥላ አልተለየንም። አባባ፣ እማዬ፣ ባለቤትህ አልታዬ፣ ልጅህ አበቡ፣ እኔም እህትህ ሸጋዬ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። ወረቀቱ ደግሞ ከመካነ ሰላሙ መምህር ለምኜ ያመጣሁት ስለሆነ ከዚህ በላይ ማባከን አልችልም።

ባለፈው ሁሉ ሰላም ነው ብዬ የጻፍኩልህ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ልጄን በሰው አገር እንዳታሳስቢው እያለች ስለተቆጣችኝ ነው። ዛሬ ውኃ ለመቅዳት ወርዳለች። ምንጩ ስለደረቀ ወንዙ ድረስ ነው የምትሄደው፤ እስክትመለስ ብዙ ጊዜ አለኝ። እውነቱን አሁን ልንገርህ።

የአምናው ክረምት ነሐሴ ሳይጋመስ ቀጥ አለ። ገብሱ ፍሬ ሳይቋጥር ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ስንዴውንማ አታንሣው። አንተ ያገራኸው ቡሬ በኅዳር መካነ ሰላም ገበያ ወጣ፤ በሬ ሰጥተን የተቀበልነው እህል በአንድ ሰው ትከሻ ቤት ገባ። በልግ ይመጣል ብለን ሰማይ ሰማይ ስናይ ጥርም ወጣ፣ የካቲትም ወጣ። አሁን ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ዘንድሮ ጹሙ ብሎ የሚያስታውስ ቄስ አላስፈለገንም።

የላክኸው ዕቃ በጨው ነጋዴው በአድማሴ እጅ የደረሰን በታኅሣሥ መጀመሪያ ነው። የእማዬ ነጠላ፣ የአባባ ሻሽ፣ የአልታዬ ቀሚስ ሁሉም ደህና ገብቷል። ለአበቡ አንቀልባ ብለህ በክብሪት ቀፎ የላክሃቸው ሰባት ዛጎሎችም ደርሰዋል። አልታዬ ከእናቷ የወረሰችው አንቀልባ ዛጎሎቹ ተሸራርፈው ስለነበር አዲስ መምጣቱን ስትሰማ በጣም ደስ ብሏት ነበር። ቀፎውን ስንከፍተው ግን ሽታው ቤቱን ሞላው። ከሰባቱ ከአንዱ ስንጥቅ አፍ ጥቁር ነገር ብቅ ብሎ ደርቋል። እማዬ አማተበች። አልታዬ ስድስቱን አጥባ ሰፋቻቸው፣ ሰባተኛውን ከግቢው ውጭ ቀበረችው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም። በማግስቱ እሑድ ነበርና ከቅዳሴ መልስ ጎረቤቱ ሁሉ የአንተን ወሬ ሊሰማ ግቢያችን ተሰበሰበ። እንደምታውቀኝ ሰው ሲሰማኝ ድምፄ ከፍ ይላል። ሌላ ቢሆን ዘለል አድርጎ የሚያልፈውን እኔ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩት። ዛጎል ድንጋይም አጥንትም ሰው የሠራው ጌጥም አይደለም፣ የአንዲት ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው ማለትህን አነበብኩ። ድንጋይ ሥር ተለጥፋ እንደምትኖር፣ ስትሄድ ሥጋዋ ከውስጥ ወጥቶ ጀርባዋን እንደ ኩታ እንደሚያለብሰው፣ ጀርባዋ የሚያብረቀርቀውም በዚያ ምክንያት እንደሆነ፣ ሲነኳት ሥጋዋን ሰብስባ እንደምትገባ፣ አንተም በመርፌ እየጎተትክ እንዳወጣሃቸውና አንዷ እንዳስቸገረችህ አነበብኩ። መጨረሻ ላይ ዛጎል ለሚጥሉት ለእትዬ በለጥሻቸው ዕድሜ ልካቸውን ሲያማክሩት የኖሩት የድንጋይ ሥር ትል ነው በሉልኝ ብለህ የቀለድከውንም አልተውኩም። ሰዉ ሁሉ ሣቀ። እትዬ በለጥሻቸውም እዚያው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር፤ እሳቸውም ሣቁ። ያልሣቁት አባባ ብቻ ናቸው።

አንተ ከሄድክ ሦስት ዓመት ሊሞላህ ነውና የእትዬ በለጥሻቸውን ነገር በድሮው ታስበው ይሆናል። ያኔ ዛጎል የሚጥሉት ለጠፋ ፍየልና ለትዳር ነበር፤ አባባም እንደ ቄስነታቸው በዐውደ ምሕረት ትንሽ ይገሥጿቸውና ይተዋሉ። ከኅዳር ወዲህ ግን የሚመጣው ሰው ጥያቄ አንድ ሆነ። ልዝራ ወይስ ልቆይ፣ ልቀመጥ ወይስ ልሂድ ነው። እሳቸውም አሥራ ሁለቱን ዛጎሎች ሰፌድ ላይ ይበትኑና አይተው አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። እግራችሁ ሳይደክም ውጡ፣ ጥር ሳያልቅ ወረኢሉ ግቡ፣ ከዚያ ደሴ ውረዱ ይላሉ። ለባለ ጥንድ በሬውም ለምንም የለሹም ያው ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ሃያ የሚጠጋ ቤት ጓዙን ማሰር ጀምሮ ነበር።

አባባን ያስፈራቸው ይህ ነው። አባታችንን ታውቃቸዋለህ፣ ለራሳቸው የሚሰስቱ ሰው አይደሉም። መንገድ ዳር የወደቀ ሰው ማን ይፈታዋል፣ ማንስ ስሙን በጸሎት ይጠራል፣ እንደ ከብት ሜዳ ላይ ይቀራል እያሉ ይጨነቁ ነበር። ታቦት ትቶ የሚሄድ ቄስ የለም፣ ሰዉ ከሄደ ደግሞ ታቦቱ ለማን ይወጣል ይላሉ። የእትዬ በለጥሻቸውን ቃል የሚያፈርስ ነገር ሲፈልጉ የአንተ ደብዳቤ መጣላቸው።

የጥምቀት ዕለት፣ ሰዉ ከየጎጡ በተሰበሰበበት፣ አባባ ኦሪትን ገልጠው በውኃ ከሚኖሩት ክንፍና ቅርፊት የሌለው ሁሉ ርኩስ ነው፣ በድኑንም ተጸየፉ የሚለውን አነበቡ። ከዚያ የአንተን ደብዳቤ ከካባቸው ሥር አውጥተው ያንኑ ስለ ቀንድ አውጣዋ የጻፍከውን አነበቡ። ወንድሜ፣ ጽሕፈትህ ከኦሪት ቀጥሎ ተነበበ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቀልድብህ እኖር ነበር። አባባ ክርስትና የተነሡ ልጆቻችንን በበድን ላይ አዝለናል፣ የበድን ምክርም ሰምተን አገራችንን ልንለቅ ተነሥተናል፣ ሰማዩ የተዘጋብን ለዚህ ነው አሉ። ምክንያት የተራበ ሰው ምክንያት ሲያገኝ እንዴት እንደሚይዘው በዓይኔ አየሁ።

በማግስቱ ሴቱ ሁሉ ከየአንቀልባው፣ ከልጆች አንገት፣ ከበቅሎ ኮርቻ ሳይቀር ዛጎሉን እየፈታ አመጣ። አልታዬ ስድስቱንም የእናቷንም በቢላ ቆርጣ ሰጠች። አላለቀሰችም፤ ሌሊቱን ግን አበቡን ታቅፋ ልጅቷን ከዓይን የሚጠብቅልኝ ምንም አልቀረም ስትል ሰማኋት። እትዬ በለጥሻቸው አሥራ ሁለቱን በመሐረብ ቋጥረው መጡና ለአባባ በእጃቸው ሰጡ። ሁሉም ተሰብስቦ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ገደል ገባ። ሲወርድ እንደ በረዶ ነበር የሚንኮሻኮሸው። ጓዙን አስሮ የነበረው ሰው በዚያው ሳምንት ፈታ። እንቢ ብሎ የሄደው ጎረቤታችን ስማቸው ብቻ ነው፤ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ሲወጣ ሰው የዛጎል አማኝ እያለ ሣቀበት። እኔም ሥቄያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። ከጥምቀት እስከ ትናንት ድረስ በአቦ ቅጥር ሠላሳ አንድ ሰው ቀብረናል። መጀመሪያ ላይ ለቅሶው በወጉ ነበር፤ አሁን ሬሳ የሚሸከም አራት ሰው ለማግኘት ሁለት ጎጥ መዞር ያስፈልጋል። የሰፈሩ ውሾች አንድ በአንድ ጠፍተዋል። ጅብ በጠራራ ፀሐይ ከቅጥሩ በታች ተኝቶ ይውላል፤ ድንጋይ ሲወረውሩበት ቀና ብሎ ያያል እንጂ አይነሣም። ከአጥር ውጭ ብቻዬን መሄድ የተውኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መምህሩ ሬዲዮ ስላለው ወሬ አይቀርብንም። ወታደሩ አድሟል፣ ሚኒስትሮቹ በሙሉ ወርደዋል፣ አዲስ አበባ ተማሪው መንገድ ሞልቷል ይላሉ። እናንተም አገር እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤታችን ሞላ ይህን ሲነግሩት የተሾሙት አዲሶቹ ዘር ይዘዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ያንን ቀን መንደሩ ትንሽ ሣቀ። ሞላን በዚያው ሳምንት ቀበርነው።

በየካቲት መጨረሻ እትዬ በለጥሻቸው ቤት ሄድኩ። ደብዳቤህን በሰው ፊት ማንበቤ ሲቆጨኝ ስለከረመ ይቅርታ ልጠይቃቸው ነው የሄድኩት። ብቻቸውን ተኝተው አገኘኋቸው። ፊታቸው ጉንጭ የሚባል አልቀረውም፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ልጄ፣ እኔን እኮ ዛጎል ነግሮኝ አያውቅም፣ እንደ ወደቀ ነው የሚወድቀው፣ እኔ የማየው የመጣውን ሰው እጅ ነው አሉኝ። በጥቅምት የሚመጣው ሰው እንደ ልማዱ አንድ ጭብጥ ሽምብራ ይዞላቸው ይመጣ ነበር። በኅዳር ቆሎ ነበር። በታኅሣሥ ግን የሚያመጡላቸው ገብስ ጭስ ጭስ የሚል፣ ከምድጃ በላይ ተንጠልጥሎ የከረመ ዘር ሆነ። ዘሩን ቆንጥሮ እያመጣ ልዝራ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ በገዛ እጁ ላይ ነው፣ ውጡ ማለቴ ለዚህ ነበር አሉኝ።

ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው በግልጽ አልነገሩንም አልኳቸው። የእኔን የባልቴቲቱን ቃል ማን ይሰማል፣ ዛጎሉ አለ ስል ነበር የሚሰሙኝ፣ ዛጎሉ ከሄደ ወዲህ ደጄን የረገጥሽው አንቺ ብቻ ነሽ አሉ። ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ከራስጌያቸው አንድ ስልቻ ጎተቱና ሰጡኝ። ሰዉ ሲያመጣላቸው የነበረው ያ የዘር ገብስ ነው፤ አንድ ፍሬ አልነኩትም። የሰው ዘር ነው፣ ዝናብ ቢመጣ ባለቤቶቹ ይመጣሉ ብዬ ነበር፣ አሁን ግን ባለቤቶቹም ስላለቁ ቆልተሽ ለመንገድ ያዢው፣ የአምባቸውን ልጅ ይዘሽ ሂጂ አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። አንተ ሆይ፣ አጠገባቸው እህል እያለ በረሃብ ሞቱ።

ያን ዕለት ማታ ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልቻውንም አሳየኋቸው። እፍኝ ገብስ አንሥተው አሸተቱት። ከዚያ እኔ የፈራሁት መንገድ ላይ ያለ ፍታት የሚሞተውን ነበር፣ እዚህ በፍታት የሚሞተውን አላሰብኩትም አሉ። በማግስቱ እትዬ በለጥሻቸውን ራሳቸው ፈቷቸው። ዛጎል ጣይ አይፈታም ብሎ አንድ ደብተራ ሲያጉረመርም አባባ እንዲህ ቆጣ ሲሉ አይቼ አላውቅም። በመካከል ድምፃቸው ተቆርጦ ዲያቆኑ ነው የጨረሰው።

አሁን የሚያስጨንቀን የመንገዱ ነገር ነው። አድማሴ በዚህ ሳምንት ከደሴ ተመልሶ የስማቸውን ወሬ ነግሮናል። ከከተማው ዳር መጠለያ ገብተዋል። ትንሹ ልጁ በተቅማጥ ሞቶበታል፤ የተቀሩት ግን በቀን አንድ ጊዜ እህል ይሰፈርላቸዋልና በሕይወት አሉ። የቀራችሁ ኑ ብሎ ልኮብናል። አባባ በጥር የሚያደርስ እግር ነበረን፣ አሁን ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። አልታዬ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጧል፤ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀራል። የሚመጣላትን ሁሉ ለአበቡ እየሰጠች ነው እንዲህ የሆነችው። ደብቃ ነበር የምትሰጣት፤ የደረስኩባት ዘግይቼ ነው።

ያም ሆኖ ከነገ ወዲያ እሑድ ጠዋት እንወጣለን። የአቦን ዓመታዊ በዓል ትናንት አክብረናል፤ አባባ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ቁጭ አድርገው የሚችል ሁሉ ይሂድ፣ ከልክዬ ያስቀረኋችሁ እኔ ነኝ፣ ይቅር በሉኝ ብለው ከመሬት ወደቁ። ለመሄድ የተነሣው ግን አምስት ቤት ብቻ ነው። የቀረው አይችልም። አድማሴ የቀረችውን አንዲት በቅሎ ለአልታዬ ሰጥቷታል፤ አበቡን እኔ አዝላታለሁ። እስከ ወረኢሉ በእግር ነው፤ ከዚያ የጭነት መኪና ካገኘን ወደ ደሴ። ገብሱን ቆልቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልብ በል። ይህን ወረቀት የምሰጠው አብሮን ለሚወጣው ለአድማሴ ነው፤ ደሴ ፖስታ ቤት የሚያስገባልህ እሱ ነው። ወረቀቱ እጅህ ቢገባ እሱ ደሴ መግባቱን ያሳያል እንጂ የእኛን መግባት አያሳይም። አድማሴ መጻፍ ስለማይችል ከጀርባው ላይ ምን እንደሆንን ሊጨምርልህ አይችልም። ስለዚህ መልስ አትጻፍልኝ፤ አለቃህን ለምነህ በሚገኘው መኪና ወደ ደሴ ውጣ። ስማቸውን ፈልገህ አግኘው። ወደዚህ ግን እንዳትመጣ።

በደብዳቤህ ተናድጄብህ ነበር፤ ለምን እንዲያ ቀለደ እያልኩ። ከራሴ ጋር ግን የባሰ ተጣልቻለሁ፤ አንተ ለእኛ ጻፍክ እንጂ ለአደባባይ አልጻፍክም። አሁን ቁጣው ወጥቶልኛል። የቀረኝ ፍርሃት ነው፤ እፈራለሁ፣ አልደብቅህም።

እማዬ አትሄድም፤ አባታችሁን ማን ውኃ ያጠጣዋል ብላ እንቢ አለች። እንኳን በዓይነ ሥጋ መተያየቱ ድምፅህም ናፍቆኛል፣ በሰው አገር እህልህን አትተው በሉት ብላሃለች። አባባ የሚቀበር እስካለ አልሄድም ብለዋል፤ ደብዳቤህን ለማይገባ ያዋልኩት እኔ ነኝና በእግዚአብሔር ስም ይቅር በለኝ ብለው እንድጽፍልህ አዘዋል፤ አባት ለልጁ እንዲህ ሲል መጻፍ ስለከበደኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። አልታዬ ቀሚሱ ልክ ነው፣ አልለበስኩትም፣ ደሴ ስንገናኝ እለብሰዋለሁ ብላሃለች። ስማቸው ከነቤተሰቡ፣ አድማሴም ሰላም ብለውሃል። ከሰፈሩ ሌላ ሰላም ያለህን ሰው አትጠይቀኝ።

አበቡን አይተሃት አታውቅምና እንዴት እንደምታውቃት ልንገርህ። ሁለት ዓመት ከስድስት ወሯ ነው፤ ሰው ሲያያት ግን አንድ ዓመት የሞላት ትመስላለች። በግራ ጆሮዋ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ምልክት አላት። ሰው ሲጠጋት አታለቅስም፤ ዝም ብላ ታያለች። ስሟን ለሰው እንድትናገር ላስተምራት ሞክሬ አልያዘላትም፤ አበቡ ብለው ቢጠሯትም አንዳንዴ ዞር አትልም። ስለዚህ ሌላ ነገር አስተማርኳት፤ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። መጠለያው ውስጥ ማንም የእኛ ሰው ከጎኗ ባይኖር፣ ልጆቹ መካከል ቁምና ድምፅህን ከፍ አድርገህ የማን ልጅ ነሽ ብለህ ጠይቅ። የአምባቸው ትላለች።

እህትህ ሸጋዬ ወልደ ሚካኤል
ቦረና፣ መካነ ሰላም አጠገብ
መጋቢት 6 ቀን 1966 ዓ.ም.